ለዘጌ ቡና ከረጢት ስንመርጥ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሐምሌ፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ሥራው ይሄ ነው። እህቴ የዘጌ ቡና እየቆላች ትሸጣለች። እስካሁን ደንበኞቿ እዚሁ ባሕር ዳር ያሉ ሰዎችና ጥቂት ካፌዎች ነበሩ። ቡናው ዛሬ ተቆልቶ ከነገ ወዲያ ስለሚያልቅ፣ በምን ተጠቀለለ ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም። አሁን ግን አዲስ አበባ ያሉ ሱቆች "ላኪልን" ብለዋታል፤ ከገዳማቱ በጀልባ የሚመለሱ እንግዶችም ወደ አገራቸው ይዘውት የሚሄዱት ይጠይቋታል። ስለዚህ ወር ሁለት ወር መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ጠረኑን የማይለቅ ከረጢት ያስፈልጋል። ቁላቱ የእሷ፣ ከረጢቱ የእኔ ብለን ተካፍለናል። ሂደቱን እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ። ሽሮ ወይም በርበሬ የሚያሽግ ሰውም ይጠቀምበታል ብዬ ነው።

ዘጌን ለማታውቁ፦ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ፣ ወደ ጣና ገባ ያለ ልሳነ ምድር ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ያሉት እዚያ ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። የአካባቢው ትውፊት አመጣጡን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። እንዲህ ያለ ቡና ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ ተቆልቶ፣ መጨረሻ ላይ በማይረባ ከረጢት ጠረኑን ሲያጣ ማየት ያናድደኛል። ሥራውን በደስታ የያዝኩት ለዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ አቅራቢዎች ናሙና አስመጣን። ጥቁር ማት (የማያብረቀርቅ) አለ፣ የሚያብረቀርቅ ብርማ አለ፣ መስኮት ያለው ቡናማ ክራፍት ወረቀት አለ፣ ሙሉ በሙሉ ግልጽ የሆነም አለ። እህቴ ወዲያው ጥቁሩን ማት አነሳች። በመዳፏ ዳሰሰችውና "ይሄ ነው፣ አለቀ" አለች።

"እታለም፣ መጀመሪያ ውስጡን እንየው" አልኳት።

በዚህ ነገር አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ከረጢት የሚመረጠው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። እጅ የሚወደውና ዓይን የሚስበው የላይኛው ገጽ የመጨረሻው ውሳኔ መሆን አለበት። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ግን ከዚያ ነው።

በዚያው ሳምንት፣ ማታ

አንዱን ናሙና ጫፉን ቀድጄ ንብርብሩን በጥፍር ለያየሁት። የቡና ከረጢት አንድ ወጥ ፕላስቲክ አይደለም፤ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ስስ ነገሮች በማጣበቂያ ተደራርበው ነው የሚሠራው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጓደኛዬ ውፍረት መለኪያ አዋሰኝና ለካሁት።

የውጪው ፔት ነው፣ የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ያው ፕላስቲክ፣ ግን 12 ማይክሮን ብቻ። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ፔት ጠንካራ ነው፣ አይለጠጥም፣ ኅትመት ይቀበላል፣ የሚቀልጠው ደግሞ ከ250 ዲግሪ በላይ ነው። የውስጡ ፖሊኢትሊን ነው፣ የፌስታል ዘመድ፣ እዚህ ግን ከ60 እስከ 100 ማይክሮን ይደርሳል። እሱ በ110 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከረጢቱን የሚዘጋው፣ ቡናውንም የሚነካው እሱ ነው። መሐል ላይ ያለው ነው ጠረን ጠባቂው፣ የገንዘቡም ልዩነት በአብዛኛው እዚያ ነው።

ለምን በአንድ ፕላስቲክ አይሠራም ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው። ፖሊኢትሊን እርጥበት በደንብ ይከላከላል፣ ኦክስጅንን ግን ዝም ብሎ ያሳልፋል። ባለ 12 ማይክሮን ፔት ኦክስጅንን ከእሱ በጣም በተሻለ ይይዛል። ያም ሆኖ በቀን በአንድ ካሬ ሜትር ከ100 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር በላይ ያስገባል፤ ለተቆላ ቡና ይሄ ብዙ ነው። በላዩ ላይ አሉሚኒየም በትነት ሲቀባ፣ ሜታላይዝድ የሚሉት ማለት ነው፣ ቁጥሩ ወደ 1 አካባቢ ይወርዳል። እውነተኛ የአሉሚኒየም ፎይል ሲገባ ደግሞ፣ ቀዳዳ እስከሌለው ድረስ፣ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል።

ቡና ሲቆላ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል። ያ ዘይት ኦክስጅን ሲያገኘው ይበላሻል። ያረጀ ቡና ላይ የምናውቀው ያ የከረመ ዘይት ጣዕም ከዚያ ነው የሚመጣው። ብርሃንና ሙቀት ደግሞ ያፋጥኑታል።

ሐምሌ፣ ሁለተኛው ሳምንት

የባትሪ መብራት ሙከራ። ይሄንን ማንም ሰው ቤቱ ሊያደርገው ይችላል፣ እንድታደርጉትም አጥብቄ እመክራለሁ።

ክፍሉን አጨለምን። የስልክ ባትሪ አብርተን ከረጢቱ ውስጥ ከተትን። ብርማ የሆነው ሁሉ "ፎይል ነው" ተብሎ ነበር የተሸጠልን። አንዱ ከረጢት ሙሉ በሙሉ ጨለመ። ሌላው ላይ ግን መብራቱ ደብዘዝ ብሎ በፕላስቲኩ በኩል ታየ፤ ጣቴን ከውስጥ ሳንቀሳቅስ ጥላዋ ይታያል። እሱ ፎይል አይደለም፣ ሜታላይዝድ ነው።

ሁለተኛው መለያ ማጠፍ ነው። ፎይል ያለበትን አጥፋችሁ ስትጫኑት እንደታጠፈ ይቀራል። ሜታላይዝዱ ግን ቀስ ብሎ ይመለሳል። ምክንያቱ ውፍረት ነው። በከረጢት ውስጥ ያለ ፎይል ብዙ ጊዜ 7 ወይም 9 ማይክሮን ነው፤ ሜታላይዝዱ ላይ ያለው የአሉሚኒየም ቅብ ግን የሚለካው በናኖሜትር ነው። ከመቶ እጥፍ በላይ ይሳሳል።

ሜታላይዝድ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ለቆሎ፣ ለዳቦ ቆሎ፣ ቶሎ ለሚሸጥ ነገር ጥሩ ነው፤ ርካሽም ነው። ግን በፎይል ዋጋ ሜታላይዝድ መሸጥ ተገቢ አይደለም። አቅራቢውን ደውዬ ጠየቅኩት። "ሁሉም ብርማ ፎይል ነው የሚባለው፣ ገበያው እንደዚያ ነው" አለኝ። እኔ ደግሞ ከዚህ በኋላ በጽሑፍ የማዘው የእያንዳንዱን ንብርብር ስምና ማይክሮን እየጠቀስኩ ነው አልኩት። "ፎይል ስጠኝ" ማለት በቂ አይደለም።

ፎይልም እንከን አለው። እንዲህ ሲሳሳ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሊኖሩት ይችላሉ፤ ከላይና ከታች ያለው ፕላስቲክ ነው የሚሸፍንለት። ደጋግሞ ሲታጠፍና ሲጨማደድ ደግሞ ይሰነጠቃል። በጨለማው ክፍል ብዙ የተጨማደደውን ናሙና ስናይ እጥፋቱ መስመር ላይ የብርሃን ነጥቦች አየን። ስለዚህ የፎይል ከረጢት ባዶውን ታጥፎ ተጠቅጥቆ መላክ የለበትም። ተዘርግቶ፣ በካርቶን ነው የሚላከው።

ሐምሌ አጋማሽ

የቆሎ ሙከራ ጀመርን። ሐሳቡ የእህቴ ነው፣ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጥ ወደድኩት።

ክረምቱ ገብቷል። ባሕር ዳር በሐምሌና በነሐሴ እርጥበቱ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጨው እንኳ ጨውነቱን ትቶ ይረጥባል። ከእያንዳንዱ ዓይነት ከረጢት ውስጥ በአንድ ቀን የተቆላ የገብስ ቆሎ ጨመርን። አሸግን፣ በትንሿ የወርቅ ሚዛን መዘንን፣ ክብደቱን ላዩ ላይ ጻፍንና በረንዳው ላይ ዝናብ የማያገኘው ቦታ ደረደርናቸው። ክብደቱ ከጨመረ እርጥበት ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጥርስ ይፈርዳል።

ሐምሌ መጨረሻ

የመጀመሪያው ውጤት ወጣ። ተራው ክራፍት፣ ውስጡ ምንም ያልተቀባው ወረቀት፣ ወደቀ። ቆሎው ለስልሷል፣ ሚዛኑም ይመሰክራል። ክራፍት ወረቀት በጣም ያምራል፣ የተፈጥሮ ነገር ይመስላል፣ ለዚያም ነው ሁሉም ካፌ የሚወደው። ግን ወረቀት እርጥበትም ኦክስጅንም አያስቆምም። ጥበቃ የሚያደርገው ከጀርባው የተለጠፈው ነገር ነው። ክራፍት የምትገዙ ከሆነ ሻጩን "ከኋላው ምን አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ፖሊኢትሊን ብቻ ነው? ሜታላይዝድ ነው? ፎይል ነው? ከፊት ሦስቱም አንድ ዓይነት ቡናማ ናቸው።

ግልጹ የፔትና የፖሊኢትሊን ከረጢት ቆሎውን ደህና ይዞታል። ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ ፖሊኢትሊን እርጥበት ይከላከላል። አብረን ቡና የጨመርንበት ግልጽ ከረጢት ግን ጠረኑ ደክሟል። ለአንዱ ምግብ የሚበቃ ማሸጊያ ለሌላው ላይበቃ ይችላል፤ ይሄን ለእህቴ ደጋግሜ የምነግራት ነበር፣ አሁን በአፍንጫዋ አረጋገጠችው። ፎይሉም ሜታላይዝዱም ላይ ያለው ቆሎ እንደተቆላ ነው።

የመስኮቱ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ተወሰነ። እህቴ "ሰው ፍሬውን እያየ ይግዛ" ብላ መስኮት ትፈልግ ነበር። መስኮት ማለት ግን ፎይሉ የተቆረጠበት ቦታ ነው። ብርሃንም ኦክስጅንም በዚያ ይገባል። በርበሬ ለሚያሽጉም ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ የበርበሬ ቀይ ቀለም ብርሃን ሲመታው ይገረጣል። ሱቅ መስኮት ላይ የከረመ በርበሬ ፊት ለፊቱ ብርቱካንማ ሆኖ ጀርባው ቀይ እንደሆነ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። መስኮት ቀረ። ፍሬውን ማየት ለሚፈልግ ሱቁ ላይ በትንሽ ብርጭቆ ናሙና ይቀመጥለታል።

ነሐሴ መጀመሪያ

አሁን ወደ ገጹ እንምጣ፣ እህቴ ከመጀመሪያው ስትጠብቀው የነበረው።

ማትና ግሎስ፣ ማለትም የሚያብረቀርቀው፣ የሚለያዩት በገጻቸው ልስላሴ ነው። ግሎስ ፊልም (ስሱ የፕላስቲክ ንብርብር) በጣም ለስላሳ ስለሆነ ብርሃኑን በአንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል። ማት ገጹ ላይ በዓይን የማይታይ ሻካራነት ስላለው ብርሃኑን ይበትነዋል። ሻካራነቱ በሁለት መንገድ ይመጣል፦ ወይ ፊልሙ ራሱ ማት ሆኖ ይሠራል፣ ወይ ከኅትመት በኋላ ጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣት ያለበት ቫርኒሽ ይቀባል። ይሄን ልዩነት የጻፍኩት ለሥራው ወሳኝ ስለሆነ ነው፤ ማሽን ላይ ሲደርሱ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ሶፍት ተች የሚሉት ነው። ስትዳስሱት እንደ ኮክ ልጣጭ ነው። ደስ ይላል፣ እጅ አይለቀውም። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ስቲከርም በላዩ ላይ በደንብ አይያዝም። እኛ ደግሞ ለየአቆላሉ የተለያየ ስቲከር መለጠፍ እንፈልጋለን። ሶፍት ተች ቀረ።

ጥቁሩን ማት ለምን እንደማልወደው ለእህቴ በተግባር አሳየኋት። ሁለት ጥቁር ማት ከረጢቶች ፊት ለፊት ገጥሜ በካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩና ካርቶኑን ባጃጅ ኋላ ጭኜ ሰፈሩን አዞርኩት። ሲወጡ ፊታቸው ላይ የሚያበራ ጭረት ነበር። ማት ሲፋቅ ሻካራው ገጽ ይደፈጠጥና ያ ቦታ ግሎስ ይሆናል። ጥቁር ላይ ደግሞ በጣም ጎልቶ ይታያል። የጣት ቅባትም እንደዚያው፣ ቡና የነካ እጅ ቅባት አለው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ መንገዱን የምታውቁ፣ ካርቶኑ ምን ያህል እንደሚንገጫገጭ መገመት አያቅታችሁም። ቀለሙ ፈዘዝ ሲል፣ የቅጠል አረንጓዴ ወይም አፈርማ ሲሆን፣ ያው ጭረት አይታይም ማለት ይቻላል።

ግሎስ በበኩሉ ቀለሙን ያደምቃል፣ ጥቁሩን ጥልቅ ያደርገዋል፣ መፋቅንም ይችላል። ግን የሱቅ መብራት ሥር ያንጸባርቃል፣ ጽሑፉን ለማንበብ ከረጢቱን ማዞር ይጠይቃል። ፎቶ ስታነሱትም መስኮቱና መብራቱ ላዩ ላይ ይታያል። እህቴ ብዙ የምትሸጠው በቴሌግራም ፎቶ እየለጠፈች ስለሆነ ለእሷ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚያስማማው ሁለቱን ማደባለቅ ነው። መላው ገጽ ማት ሆኖ፣ የዘጌ ስምና የጀልባዋ ሥዕል ብቻ ግሎስ። በብርሃን ሲዞር ስሙ ብቻ ያበራል። እህቴ ናሙናውን ስታይ ስለ ጥቁሩ ማውራት አቆመች።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በማት ላይ ቀለም ይገረጣል። ስክሪን ላይ ያያችሁት ቀይ ማቱ ላይ የደከመ ቀይ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ዲዛይኑን በወረቀት ላይ በታተመ ሙከራ አታጽድቁ። በዚያው በእውነተኛው ፊልም ላይ ታትሞ ይምጣላችሁ፣ ገንዘብ ቢጠይቅም ይጠይቅ።

ነሐሴ፣ ሁለተኛው ሳምንት

እሽጉ። ቆንጆ ከረጢት ጫፉ ካልተዘጋ ምንም አይደለም።

እሽግ በሦስት ነገር ይወሰናል፦ በሙቀት፣ በግፊትና በጊዜ። የማሽኑ ትኩስ ከንፈር የሚነካው የውጪውን ነው፤ መቅለጥ ያለበት ግን የውስጡ ነው። ሙቀቱ ሁሉንም ንብርብር አልፎ መድረስ አለበት። ፎይል ደግሞ ሙቀቱን ወደ ጎን ይበትነዋል፣ ወረቀት ያግደዋል። ለዚህ ነው ለፌስታል የሚበቃው ትንሹ የእጅ ማሸጊያ ለፎይል ከረጢት የሚያንሰው። የምንጠቀመው ከሁለቱም ወገን የሚያሞቀውን ሆነ።

ማቱን በተመለከተ የታየው ልዩነት እዚህ ነው። ማት ፊልም ብዙ ጊዜ ከቢኦፒፒ፣ ተለጥጦ ከተሠራ ፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ፣ ይሠራል። ቢኦፒፒ በ165 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከዚያ በታችም መኮማተር ይጀምራል። የማሽኑን ሙቀት ከፍ ስናደርገው የእሽጉ መስመር ላይ ማቱ ጠፍቶ የሚያበራ ጥብጣብ ሆነ፣ ጫፉም ተጨማደደ። ፔት ላይ በማት ቫርኒሽ የተቀባው ግን ያንን ሙቀት ቻለው። በእጅ ለሚያሽግ ሰው፣ በተለይ የመብራቱ ኃይል ከፍ ዝቅ ለሚልበት ቦታ፣ ይሄ ነፃነት ይሰጣል። ቢኦፒፒ ማት ብቻ ካገኛችሁ ሙቀቱን ዝቅ አድርጋችሁ የመጫኛውን ጊዜ አርዝሙት፣ የቴፍሎን ጨርቁ ንጹሕ ይሁን።

እሽጉን የምንፈትነው በገበቴ ውኃ ነው። ከረጢቱን አየር ሞልተን እናሽጋለን፣ ቫልቭ፣ የጋዝ መውጫዋ፣ ካለው በጣት ይያዛል፣ ውኃ ውስጥ ደፍቀን እንጫነዋለን። አረፋ የወጣበት ቦታ ክፍት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያፈስሰው ከታች ማዕዘኑ ነው፣ አራት ንብርብር ወደ ሁለት በሚለወጥበት ነጥብ ላይ።

የተፈጨ ቡና፣ ሽሮ፣ በርበሬ የምታሽጉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዱቄቱ በሚታሸገው ቦታ ላይ ከተቀመጠ ፕላስቲኩ ከፕላስቲክ ጋር አይገናኝም። ክረምት ብዙም አያስቸግርም፣ በበጋ ደረቅ አየር ግን ዱቄቱ በኤሌክትሪክ ኃይል ተስቦ ጫፉ ላይ ይለጠፋል። በረጅም ማንቆርቆሪያ ከታች ጀምሮ መሙላትና ጫፉን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው መፍትሔው።

ነሐሴ አጋማሽ፣ ፍልሰታ

ቫልቯ። ከረጢቱ ደረት ላይ ያለችው ቁልፍ የምታህል ክብ ነገር ለጌጥ አይደለችም።

የተቆላ ቡና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ አንድ ኪሎው ጥቂት ሊትር ጋዝ ይወጣዋል። አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ ቀሪው ግን ለሳምንታት ይቀጥላል። ወዲያው ካሸጋችሁት ከረጢቱ ይነፋል፣ እሽጉ ሊከፈት ይችላል። ጋዙ እስኪያልቅ ከጠበቃችሁ ደግሞ ጠረኑ አብሮት ይሄዳል። ጋዝ አስወጥታ አየር የማታስገባውን ቫልቭ ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጎልዮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው የሠራት፤ የዛሬው የቡና ከረጢት ያለ እሷ አይታሰብም። ለተፈጨ ቡና ከሆነ ውስጧ ማጣሪያ ያላት መሆን አለባት፣ አለዚያ ዱቄቱ ይደፍናታል ወይም ክፍት አድርጎ ያስቀራታል።

እኛ አገር ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ ከፍታ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ። እዚህ የታሸገ አየር አዲስ አበባ ሲደርስ ሰባት በመቶ ገደማ ይሰፋል። ቫልቭ የሌለው ከረጢት ላይ ይሄ ከቡናው ጋዝ ጋር ሲደመር ያስቸግራል፤ ቫልቭ ያለው ትርፉን ያስወጣዋል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊትም ከአዲስ አበባው ብዙ አይርቅም፣ ስለዚህ እንግዶች ይዘውት ሲበሩ ሻንጣ ውስጥ አይፈነዳም። ዝቅ ወዳለ አገር ሲወርዱ ግን ቫልቭዋ አየር ስለማታስገባ ከረጢቱ ይኮማተራል። ለስላሳ ማት ፊልም ላይ መጨማደዱ ይታያል። የውስጡን ፖሊኢትሊን ወፈር ማድረግ ከረጢቱ ቅርጹን እንዲይዝ ይረዳል። 80 የነበረውን ወደ 100 ማይክሮን ያሳደግነው ለዚህ ነው።

ነሐሴ፣ ሦስተኛው ሳምንት

የሽታ ሙከራ። ባዶ አዲስ ከረጢት ዘግተን ፀሐይ ያለበት መስኮት አጠገብ አሳደርነው። ጠዋት ከፍተን አሸተትን። አንዱ ላይ ግልጽ የሆነ የቀለም ማሟሟቻ ሽታ ነበር። ይሄ የሚመጣው ከኅትመቱ ወይም ከማጣበቂያው በደንብ ሳይለቅ ከቀረ ፈሳሽ ነው። ማጣበቂያው ራሱ እስኪጠነክር ቀናት ይፈልጋል። ቸኩሎ የተቆረጠ ከረጢት ይሸታል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም። የዚህን አቅራቢ ናሙና ያለ ክርክር መለስነው። እህቴ አፍንጫዋ የቡና ሰው አፍንጫ ነው፤ በዚህ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው።

በዚያው ቀን የፕላስተር ሙከራም አደረግን። ኅትመቱ ላይ ተለጣፊ ፕላስተር ለጥፎ በኃይል ማላቀቅ ነው። ቀለሙ ከተነሳ ከላይ የታተመ ነው፣ መከላከያም የለውም። ጥሩ ከረጢት የሚታተመው በውጪው ፊልም ጀርባ ነው፣ ጽሑፉ ተገልብጦ። ከዚያ ከመሐለኛው ጋር ሲለጠፍ ቀለሙ በሁለት ፊልም መካከል ይቀመጣል። ጭረትም ቅባትም አያገኘውም።

ነሐሴ መጨረሻ

ስለ ዋጋ ከአታሚው ጋር ረጅም ንግግር አደረግን። ጋሼ ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰው ናቸው፣ ስልኩ ላይ ሳይቸኩሉ ነው የሚያስረዱት። "ወንድሜ፣ በግራቪየር ከሄድክ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ሲሊንደር ይቀረጻል፣ ሲሊንደሩን ነው የምትከፍለው፤ ብዙ ካላተምክ አያዋጣህም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግራቪየር ለብዙ ሺህ ነው። ለእኛ መጠን የሚሻለው ሁለት ቀለም ብቻ ያለው አንድ የጋራ ከረጢት አሳትሞ፣ የአቆላሉን ዓይነት በስቲከር መለየት ነው።

ስቲከሩ ማት ቫርኒሹ ላይ ይያዛል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። የፕላስቲክ ገጽ በተፈጥሮው ማጣበቂያ አይወድም፤ ፋብሪካው በኤሌክትሪክ ኃይል ገጹን ያነቃዋል፣ የንቃቱ ልክ በዳይን ይለካል፣ ለኅትመትና ለማጣበቂያ ብዙ ጊዜ 38 እና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ይሄ ንቃት ከጊዜ ጋር ይቀንሳል። ስለዚህ ዓመት ሙሉ የሚያስቀምጥ ብዛት በአንድ ጊዜ አናዝም።

የተቆላበት ቀን የሚጻፍበት ቦታ ላይ ቫርኒሽ እንዳይኖር አዘናል፣ የእጅ ማኅተሙ ቀለም እንዲደርቅ። ቀኑ በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ይጻፋል። አዲስ አበባ ያለው ደንበኛ አንዱን ያነባል፣ በጀልባ የመጣው ሌላውን።

ጳጉሜን

የቀረው የሚከብደኝ ነገር ነው። ይሄ ሁሉ የተለጣጠፈ ከረጢት ቡናው ሲያልቅ የት ይሄዳል?

ፔት፣ ፎይልና ፖሊኢትሊን አንዴ ከተጣበቁ የሚለያያቸው የለም። ጠርሙስ የሚሰበስቡት ልጆች ጠርሙስ ይወስዳሉ፣ ይሄንን አይነኩትም። ጣና ዳር በእግር የሚሄድ ሰው የብስኩትና የቺፕስ ከረጢቶቹን ያውቃቸዋል፤ ሐይቁ ከእምቦጭ ጋር የሚታገለው ሳያንስ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥ፣ የማይበሰብስ ፌስታል ላይ ክልከላ ነበረው፤ ይሄ 30 ማይክሮን ማለት ነው። የእኛ ከረጢት ከዚያ ብዙ ይወፍራል። ግን መወፈሩ መጣያ አያስገኝለትም።

ከሞላ ጎደል ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ የሚሠሩ ከረጢቶች አሉ፣ ፖሊኢትሊን ሆነው መሐላቸው ኢቪኦኤች የሚባል ሌላ ፕላስቲክ ስስ ንብርብር ያለባቸው። ቀልጠው እንደገና ለመሠራት ይመቻሉ። ኢቪኦኤች ኦክስጅንን በጣም ጥሩ ይከላከላል፣ እርጥበት ሲበዛበት ግን ይደክማል፤ በፖሊኢትሊኑ መሐል የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። የውጪው ፖሊኢትሊን ሙቀት ስለማይችል ደግሞ በእጅ ማሸጊያ ማሸጉ ይከብዳል። ልከታተለው ወስኛለሁ። ለዘንድሮ ግን አይደርስም።

ለዘንድሮ ከእህቴ ጋር የተስማማነው ይሄ ነው። ፎይሉ ከረጢት ሩቅ ለሚሄድ ቡና ብቻ ይሁን። እዚሁ ባሕር ዳር ለሚገዛና በሳምንት ለሚጨርስ ሰው ፎይል ማባከን አያስፈልግም። ጣሳውን ወይም ብርጭቆውን ይዞ ለሚመጣ የከረጢቱ ዋጋ ይቀነስለታል፤ ላልያዘ ከኋላው ፖሊኢትሊን ያለበት ክራፍት ይሰጠዋል። እህቴ ይሄንን ከእኔ በላይ ደግፋዋለች። "ሰው ጣሳውን ይዞ ሲመጣ ቆሞ ያወራል፣ ቡና ይቀምሳል፣ ሌላም ይገዛል" ነው የምትለው።

መስከረም፣ ከእንቁጣጣሽ ማግስት

በረንዳው ላይ የከረሙትን የመጨረሻ ቆሎዎች ከፈትን። ፎይሉ ውስጥ ያለው ሙሉ በሙሉ ደረቅ ነው፣ ክብደቱም አልተነቃነቀም። ሜታላይዝዱ ሚዛን ላይ ጥቂት ጨምሯል፣ ጥርስ ግን አይለየውም። ግልጹ ለስለስ ማለት ጀምሯል። የጎረቤት ልጆች የቀረውን ጨረሱት።

ትዕዛዙ ዛሬ ተልኳል። ለጋሼ የላክሁላቸው ቃል በቃል ይሄ ነው፣ መገልበጥ የሚፈልግ ይገልብጥ፦

"ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ታቹ የሚዘረጋ፣ ባለ ዚፕ ከረጢት፣ ለ250 ግራም ፍሬ ቡና። ውጪ፦ ፔት 12 ማይክሮን፣ ከጀርባው በሁለት ቀለም የታተመ፣ ላዩ ማት ቫርኒሽ፤ ስሙና ሥዕሉ ላይ ቫርኒሽ የሌለበት፣ ግሎሱ የሚታይ። መሐል፦ አሉሚኒየም ፎይል 7 ማይክሮን፣ ሜታላይዝድ አይደለም። ውስጥ፦ ፖሊኢትሊን 100 ማይክሮን። ቫልቭ ከላይ አንድ ሦስተኛው ላይ። ቀን የሚጻፍበት ቦታ ቫርኒሽ የሌለው። መቀደጃ ቁርጥ በሁለቱም ጎን፣ ከዚፑ በላይ። ማጣበቂያው በደንብ ሳይደርቅ አይቆረጥ። ባዶው ተዘርግቶ በካርቶን ይላክ እንጂ አይጠቅለል። ሙሉው ከመታተሙ በፊት በዚሁ ፊልም ላይ የታተመ ናሙና ይምጣልን፣ እናሸተዋለን፣ መብራት ውስጡ እናበራለን፣ ከዚያ እንፈርማለን።"

ጋሼ "እንዲህ ጽፎ የሚያዝ ሰው ቢበዛልኝ" ብለው መለሱልኝ። ቅድሚያ ክፍያው ገብቷል፣ ናሙናው ሲደርስ የምናየውን እጽፋለሁ።